የአጣጥ ሒሳብ

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ባለው መንደራችን፣ የአክስቴ አጥር አጣጥ ነበረበት። ልጆች ሳለን እሾሁ ልብሳችንን ይቀድድ ነበርና አንወደውም። አክስቴ በ2003 ዓ.ም. በጡት ካንሰር አረፉ። ከቀብር መልስ ያንን አጥር ይዤ ቆሜ እንደነበር አስታውሳለሁ። የአጣጥን ወገን ታሪክ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ታሪኩ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከዓለም ዙሪያ ዕፅዋት እያስለቀመ ያስመረምር ነበር። ከኢትዮጵያ ከሄዱት አንዱ፣ ሊቃውንት ሜይቴነስ ከሚሉት ከአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ በ1972 ከእርሱ አንድ ቅመም ለይተው አወጡ፤ ሜይታንሲንም አሉት። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የተገኘው ወደ 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነበር። የባንክ ሠራተኛ ነኝና አሰላሁት፦ ለአንድ ግራም 50 ኩንታል!

ሴል ለሁለት ሲከፈል እንደ ሸማኔ ድር ይዘረጋል፤ ውርሱን ለልጆቹ እኩል የሚያካፍለው በዚያ ክር ነው። ሜይታንሲን ክሩ እንዳይፈተል ይከለክላል፤ የካንሰሩ ሴልም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ነገር ግን መርዝ ወዳጅን ከጠላት አይለይም። በ1970ዎቹ የተሞከረባቸው ሕሙማን በትውከትና በነርቭ ሕመም ተሠቃዩ፤ ፈውሱም ጥቂት ሆነና ተተወ። ኩፕቻን በ1976 ሞተ።

በ1977 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የቅመሙን የቅርብ ዘመድ ከአንድ ባክቴሪያ አገኙ። ስለዚህ ዛሬ ጥሬ ዕቃው ቁጥቋጦ ሳይቆረጥ፣ ልክ እንደ ጠላ ተጠንስሶ ይመረታል። በኋላም መርዙን የካንሰሩን ሴል ፈልጎ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር አሰሩት። ይህ ካድሳይላ የተባለ መድኃኒት በየካቲት 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ተፈቀደ።

አክስቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሕመማቸው ያ ዓይነት ይሁን አይሁን የመረመረ የለም፤ ስለዚህ «በደረሰላቸው ኖሮ» እያልኩ ራሴን አላታልልም። ይህን ያነበበም አጣጥ ቀቅሎ ለሕመምተኛ እንዳይሰጥ አደራ እላለሁ፤ መርዙን መድኃኒት ለማድረግ አርባ ዓመት ፈጅቷልና።

በእኔ ሥራ የገቢ አድራጊው ስም ሳይጻፍ ደረሰኝ አይቆረጥም። መድኃኒቱን ከሚያውቁት ግን ስንቱ የቁጥቋጦውን አገር ያውቃል? ገንዘብ አልጠይቅም፤ ደረሰኙን ብቻ በዚህች ገጽ ልቁረጥ፦ ገቢ አድራጊ፣ ኢትዮጵያ፤ የገቢው ዓይነት፣ አንድ እሾሃም ቁጥቋጦ።