የጉቶ ጊዳ ቀይ አፈርና የዩሪያው መድረሻ

የነቀምት ዙሪያ፣ የጉቶ ጊዳ ወረዳ ጭምር፣ በአመዛኙ ቀይ አፈር ነው። የአፈር ተመራማሪዎች ኒቲሶል ይሉታል፤ ጥልቅና ውሃ አሳላፊ ነው። ዓይን የማያየው ችግሩ አሲዳማነቱ ነው። በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ለዘመናት ሲያጥብ ኖሯል። አሲዱ የሚያሟሟው አሉሚኒየም የበቆሎውን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱንም ከብረት ጋር ሆኖ ይቆልፍበታል።

ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሥሩ የቀጨጨ ሰብል ግን ሁሉንም አይወስደውም። የተረፈው በባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬት እንደ ሸክላው ቅንጣት አሉታዊ ቻርጅ ስላለው የላይኛው አፈር አይይዘውም፤ በምስጥ ጉድጓድና ሥር በተወው ቀዳዳ ከውሃው ጋር ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ሲሆን፣ ጥንቃቄው በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት ነው። ፎስፈረስ ግን ከታጠበው አፈር ጋር ተጣብቆ በጎርፍ ወደ አንገር ወንዝ፣ ከዚያም በዴዴሳ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል።

የናይትሮጅኑ ሌላው መንገድ ወደ ሰማይ ነው።

አፈሩ ውሃ ጠግቦ አየር ሲያጥረው፣ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ በናይትሬት ይተነፍሳሉ። ሂደቱ ሲጠናቀቅ የሚወጣው ጉዳት የለሹ የናይትሮጅን ጋዝ ነው። የመጨረሻዋን እርምጃ የሚያስኬደው ኢንዛይም ግን አሲድ ላይ ይለግማል፤ ስለዚህ ብዙው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ያመልጣል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከእኩል መጠን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል።

ጋዙን ለመለካት ቀለበት አፈር ውስጥ ይተከላል፣ ክዳን ይገጠምበታል፣ በየተወሰነ ደቂቃው አየር በሲሪንጅ ተስቦ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ጎን ለጎን፣ ጫፉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት ሸክላ የሆነ ቱቦ ከሥር በታች ያለውን ውሃ ይስባል። ፈተናው ጊዜው ነው። ዋናው ልቀት ማዳበሪያ ተጨምሮ ዝናብ ከመታው በኋላ በጥቂት ቀናት ስለሚወጣ፣ በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል ተመራማሪ ሊያመልጠው ይችላል።

ለአሲዳማነቱ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው የግብርና ኖራ ነው። በበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል (IPCC) ቀመር 1 ቶን ኖራ (ካልሲየም ካርቦኔት) ቢበዛ 440 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የቀመሩ ማሻሻያ ደግሞ፣ እርጥብ አየር ንብረት ላይ ከተጨመረው ናይትሮጅን 1.6 በመቶው በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል፤ ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ይህ 316 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይተካከላል። ቀመሩ የማሳውን አሲዳማነት (ፒኤች) አይጠይቅም። ስለዚህ ኖራ ዕዳው ይመዘገብበታል፤ ኢንዛይሙን ማነቃቃቱና ሥሩን ማበርታቱ ግን አይቆጠርለትም። ይህ ለወለጋ አፈር ፍትሐዊ ሂሳብ አይደለም።

ኖራም ቢሆን ጣጣ አለው። ናይትሬት የሚያመርቱትን ባክቴሪያዎችም ያፋጥናል፤ ዩሪያው በአንድ ጊዜ ከተበተነ ጋዙ ቀንሶ የጉድጓዱ ውሃ ሊበከል ይችላል። ከፊሉ በዘር ወቅት፣ የቀረው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከተጨመረ ግን ሥሩ ይቀድማል። ነቀምት የአፈር ምርምር ማዕከልና በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ስላሏት፣ ጋዙንና ውሃውን በአንድ ማሳ፣ በአንድ ክረምት አብሮ ለመለካት ከእርሷ የተሻለ ቦታ ማሰብ ያስቸግራል።