ዜና ሌዮ ማዦር፣ ቧንቧ ሠራተኛው

ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንከተል። በ1921፣ በጃንዋሪ ወር፣ ሌዮ ማዦር ኒው ቤድፎርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ፈረንሳይኛ ከሚናገሩ ካናዳውያን ተወለደ፤ ዓመት ሳይሞላውም ወላጆቹ ይዘውት ሞንትሪያል ገቡ። በ1940 ወታደር ሆነ። ጁን 6 ቀን 1944 በኖርማንዲ ጠረፍ ከወረዱት መካከል ነበረ፤ ጥቂት ቆይቶም የፎስፎረስ ቦምብ የግራ ዓይኑን ጎዳው፤ እርሱ ግን ከጦሩ አልተለየም። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚጽፉ ሁሉ እየሮጡ ወደ አንዲት ሌሊት ይሄዳሉ። እኛም እንሄዳለን። ነገር ግን የዚህ ሰው ዕድሜ 87 ዓመት ነበረ፤ ዜና መዋዕሉ ሌሊቲቱን ብቻ ጽፎ የቀረውን ባዶ ብራና ቢተወው፣ ስለ ሌሊቲቱ ራሷ የተጻፈው እንኳ ጎደሎ ይሆናል ባዮች ነን።

ኤፕሪል 13 ቀን 1945 ሲመሽ የካናዳ ጦር በሆላንድ በዝዎለ ከተማ ዳርቻ ሰፍሮ ነበር። ከተማዪቱ 50,000 ያህል ሕዝብ ነበረባት፤ ሲነጋ መድፍ ሊተኮስባት ታስቧል። ማዦርና ጓደኛው ዊሊ አርሰኖ የጠላትን አቀማመጥ ሰልለው፣ ከአገሩ የውስጥ አርበኞች ጋር ተገናኝተው እንዲመለሱ ተላኩ። እኩለ ሌሊት አካባቢ አርሰኖ ተመትቶ ወደቀ። ማዦርም ወደ ኋላ አላለም፤ ብቻውን ከመንገድ መንገድ እየሮጠ መትረየሱን ተኮሰ፣ የእጅ ቦምብ ወረወረ፣ ጩኸቱም የአንድ ሙሉ ጦር አገባብ መሰለ። የማረካቸውን ስምንትም ዐሥርም እያደረገ እየነዳ ለወገን ጦር አስረከበ፤ የናዚ ምስጢር ፖሊስ የሆነውን የጌስታፖን መሥሪያ ቤትም በእሳት አያያዘ። ሊነጋጋ ሲል ጀርመኖች ከተማዪቱን ለቀው ነበር፤ መድፉም ሳይተኮስ ቀረ። እርሱም የጓደኛውን አስከሬን ሊያነሣ ተመለሰ።

ተጠራጣሪ እንዲህ ይል ይሆናል፦ በዚያ ወራት ጀርመኖች በየቦታው እያፈገፈጉ ነበርና ዝዎለንም ያለ ማዦር መልቀቃቸው አይቀርም ነበር። ይሁን። ነገር ግን መድፉ የተቀጠረው ለማግስቱ ጠዋት ስለሆነ ክርክሩ በሳምንት አይቆጠርም፣ በሰዓት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የምንጭ ጥያቄ ነው። ስለ እርሱ ከሚነገረው አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ከብሪታንያው የጦር አዛዥ ከሞንትጎመሪ እጅ ሜዳይ አልቀበልም አለ የሚለው፣ ከሁሉ በላይ በራሱ ቃል የቆመ ነው፤ ዜና ጸሐፊም የጀግና አፍ የተናገረውን ሁሉ ማኅተም አድርጎ ሊቀበል አይገባውም። ዝዎለ ግን ተመስክሮላታል፤ ዲ.ሲ.ኤም. የተባለውን የብሪታንያ የጀግንነት ሜዳይ ያሰጠችው እርሷ ናትና።

ከጦሩ ተመልሶ ሞንትሪያል ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነ። የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ እንደገና ዘመተ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን በደረሰበት በዚያው በ1951፣ በኖቬምበር፣ ማዦር ከጥቂት ቃኚዎች ጋር ኮረብታ 355ን ከቻይናውያን አስለቅቆ መልሶ ማጥቃታቸውን ለቀናት ተቋቋመ፤ ሁለተኛ ዲ.ሲ.ኤም. ተሸለመ። በሁለት የተለያዩ ጦርነቶች ይህን ሜዳይ ያገኘ ካናዳዊ እርሱ ብቻ ነው።

አሁን ባዶ ወደሚተወው ብራና እንመለስ። የቧንቧ ሙያ ጥርስ በወጣለት ብረት ላይ ቃጫ ጠምጥሞ፣ በመፍቻ አጥብቆ፣ ውኃ ለቆ መጠበቅ ነው። መገጣጠሚያው ካላንጠባጠበ ግድግዳው ይለሰንበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያየው የለም፤ ባለሙያውም ስሙ የሚነሣው ሲያፈስ ነው። ማዦር አራት ልጆች አሳደገ። ቤተሰቡ ስለዚያች ሌሊት የሰማው የዝዎለ ሰዎች ለነጻነታቸው 25ኛ ዓመት በዓል ሊጠሩት በ1969 ደጁ ድረስ በመጡ ጊዜ ነው። ዝምታው ቁስል እንጂ ትሕትና አልነበረም የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ ዓይኑ ተጎድቷል፣ የተሳፈረበት መኪና ፈንጂ ላይ ወጥቶ ጀርባው ተሰብሯል፣ ጓደኛው በአጠገቡ ወድቋል፤ ይህን የተሸከመ ሰው ዝም ቢል ጻድቅ ነው ብለን አንቀባውም። ነገር ግን ዝምታው የቁስል ይሁን የትሕትና፣ የጠዋቱን ሥራና የማታውን ገበታ አላስቀረበትም።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ በየከተማው ሞልቷል፤ ያች ሌሊት ባትኖር ስሙን ማን ያነሣው ነበር? እውነት ነው፣ ከቤተሰቡ በቀር ማንም። ይህ ግን የጸሐፊዎችን ልማድ ይነግረናል እንጂ የሰውየውን ዕድሜ አይመዝንም። ሌሊቲቱ ምን አዳነች ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው ቤት ነው፤ የዳቦ መጋገሪያ፣ ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ፣ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ የሚወጣ ልጅ። ማዦር ለዝዎለ ሰዎች ያተረፈላቸው፣ እርሱ ራሱ ሞንትሪያል ገብቶ የኖረውን ኑሮ ነበር። ስለዚህ ዓመቶቹ ካልተጻፉ የሌሊቲቱ ዋጋ በምን ይሰፈራል?

ኦክቶበር 12 ቀን 2008 ዐረፈ። በዝዎለ በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ። በ2020 ደግሞ ጦርነቱ በአውሮፓ ያበቃበት 75ኛ ዓመት ሲታሰብ የካናዳ ፖስታ ሁለት ቴምብሮች አወጣ። በአንዱ ማዦር አለ፤ በሌላው፣ በቶሮንቶው ጆን ኢንግሊስ ፋብሪካ ብሬን መትረየስ ትሠራ የነበረችው ቬሮኒካ ፎስተር።