ሰማዩን የሚወርሰው ማን ነው?

ስለ ጆሃንስበርግ የሚወራው ወሬ አብዛኛው የዘረፋና የግድያ ነው። ወደዚህ የመጣ ወገናችንም ሠርቶ ለመኖር ይጣደፋል እንጂ ከተማዪቱን ቀና ብሎ ለማየት ፋታ የለውም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። ዛሬ ግን ስለ ሕንፃዎቿ ጥቂት ልበል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1933 በኮሚሽነር ጎዳና ላይ ኮሎሲየም የተባለ ታላቅ ሲኒማ ቤት ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው ሮጀርስ ኩክ የአዳራሹን ጣሪያ የሌሊት ሰማይ አስመስሎት ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ከዋክብት ይበሩበታል። ይኸው ሰው በ1931 በተከፈተው በፕሪቶሪያው ካፒቶልም ተመሳሳይ ሰማይ ዘርግቷል። የካፒቶል አዳራሽ ኋላ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ኮሎሲየም ግን በ1985 ፈረሰ።

ቅርስ ወዳዶች ስለ ኮሎሲየም ያዝናሉ። እኔም አዝናለሁ፤ ነገር ግን ሐዘኔ ሙሉ አይደለም። ያ ሰማይ የተዘረጋው ለነጮች ነበር። ከተማዪቱን ያቆመውን ወርቅ ከምድር ሆድ ያወጣው ጥቁር ሠራተኛ ከከዋክብቱ በታች እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም።

ታዲያ በበደል ዘመን የተሠራ ውበት ሁሉ ይፍረስ ማለት ነውን? ኒውታውን ሌላ መልስ ይሰጠናል። በ1913 የፍራፍሬ ገበያ ሆኖ የተሠራው ቤት በባርኒ ሳይመንና በማኒ ማኒም ጥረት ታድሶ ማርኬት ቴአትር ተባለ። የተከፈተው በቼኾቭ ተውኔት ሰኔ 21 ቀን 1976፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት ከተመቱ ከአምስት ቀን በኋላ ነበር። ሕጉ እየከለከለ፣ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ተቀመጡበት።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ብሔራዊ ቴአትራችን ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነው። ከድል በኋላ አላፈረስነውም፤ ጨርሰን በ1955፣ በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ፣ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» መረቅነው። ወራሪው ለራሱ ባሰበው መድረክ ላይ አማርኛ ነገሠ።

በጄፒ ጎዳና የሐኪሞች ክሊኒክ የነበረው ሜዲካል አርትስ ሕንፃም ከ1990ዎቹ ወዲህ የወገኖቻችን ሱቅ ሆኗል። በኮሪደሩ ባለፍኩ ቁጥር ሙያዬ በሄደበት በር አገሬ የገባች ይመስለኛል።

ኮሎሲየም ጥቂት ዓመታት ቢታገሡት ኖሮ ደጅ የቀሩት ሰዎች ልጆች ገብተው ከዋክብቱን ባዩ ነበር። የሚያስቆጨኝ ይህ ነው።