ከታች የሚታደስ ወንዝ፦ የአቃቂ ቃሊቲ የወንዝ ዳርቻ ፓርክና የአገር በቀል ሕይወት ጥያቄ

ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች አቋርጠው፣ የከተማዋን እጣቢ ተሸክመው የሚደርሱት አቃቂ ቃሊቲ ነው። ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከግድቡ ወጥተውም አዋሽን ይቀላቀላሉ። እንጦጦ ግርጌ የሚሠራ ፓርክ ውሃውን ከምንጩ አጠገብ ያገኘዋል። አቃቂ ቃሊቲ የሚሠራው ግን ሌሎች ከላይ የወሰኑትን ይቀበላል። ስለዚህ እዚህ ሳርና የእግረኛ መንገድ ከመዘርጋቱ በፊት ሁለት ነገሮች መወሰን አለባቸው፦ ወደ ወንዙ የሚገባው ምን እንደሆነና ጎርፉ ሲሞላ የት ድረስ እንዲተኛ እንደሚፈቀድለት። የአገር በቀል እፅዋት ምርጫ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

አካባቢው የኢንዱስትሪ መንደር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከመግባቱ አስቀድሞ አቃቂ ደርሶ ነበር። ሐዲዱ ጥሬ ዕቃ ያመጣል፣ ወንዙ ውሃ ይሰጣል፣ ዝቃጩንም ይወስዳል። የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉት በዚህ ስሌት ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች፣ ጋራዦችና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀው ፍሳሽ ደግሞ ከላይ በኩል ይጨመሩበታል። አበበ በየነና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቀበናና አቃቂ ወንዞች ያሳተሙት ጥናት ሁኔታውን በግልጽ አሳይቷል። ብክለቱ በበረታባቸው ቦታዎች ከወንዙ ወለል ላይ የሚኖሩት አከርካሪ አልባ እንስሳት ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። የብክለቱን ደረጃ ለመለየት የተሻሉት ዳያተም የተባሉት ደቂቅ አልጌዎች ሆነው ተገኝተዋል። የብክለት መለኪያ ሆነው የሚያገለግሉት እንስሳት ራሳቸው ባልቀሩበት ወንዝ ዳር ችግኝ መትከል ብቻውን መልሶ ማገገም ሊባል አይችልም።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ሸገርን ማስዋብ» ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ታቅዶለት ነበር። ለዚሁ ፕሮጀክት በግንቦት ወር የተካሄደውና የአንዱ መቀመጫ ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር የሆነበት «ገበታ ለሸገር» የተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነው። ሥራው ከላይና ከመሀል ከተማ ጀመረ። ጎብኚውም ባለሀብቱም ያለው እዚያ ስለሆነ ይህ የሚገርም አይደለም። ቅደም ተከተሉ ለውሃው ክፉ ነው አልልም፤ ከላይ መጽዳት ከታች ያለውን ይረዳል። ግን የሚረዳው ከላይ የተሠራው ሥራ ፍሳሽ የሚለቅቁትን ቱቦዎች ከወንዙ የለየ ከሆነ ነው፤ ቱቦውን በአበባ አጥር የከለለ ከሆነ ግን ከታች ያለው ሰው የሚያገኘው ያንኑ ውሃ ነው።

የውጭውን ልምድ ስንጠቅስ መጠንቀቅ ይገባል። የሴኡሉ ቾንግዬቾን ጅረት በ2005 እ.ኤ.አ. 5.8 ኪሎ ሜትር ያህል ተከፍቶ ዓለም አደነቀው፤ ነገር ግን የሚፈስበት ውሃ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ ነው። ለእኛ የሚቀርበው የሲንጋፖሩ የካላንግ ወንዝ ይመስለኛል። በ2012 እ.ኤ.አ. 2.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት የነበረው ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ ፈርሶ በፓርክ ውስጥ የሚጠማዘዝ ወንዝ ሆነ። ጎርፍ ሲመጣ የፓርኩ ሜዳ ለውሃው ይለቀቃል። ከዋናው ግንባታ በፊትም የአፈርና የእፅዋት ማያያዣ ዘዴዎቹ በአንድ ጠባብ ቦይ ላይ ተሞክረዋል።

ሙከራው ለአቃቂ የበለጠ ያስፈልጋል፤ አፈሩ ዋልካ ነውና። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ድጋፍ ግንቡንም አብሮ ይገፋዋል። ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ውሃውን አጣድፎ ወደ ታች ይልካል፤ ግርጌው ሲሸረሸርም ግንቡ ከነዳርቻው ይናዳል። አኻያ ግን ቅርንጫፉ ተቆርጦ እርጥብ አፈር ላይ ሲተከል ሥር ይሰድዳል፤ ጎርፍ ሲመታው ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል፤ ሥሩም አፈሩን እንደ መረብ ይይዛል። ከውሃው ጠርዝ ላይ አኻያ፣ ቄጠማና ፊላ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ሾላና ዶቅማ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ላይ ደግሞ ወይራ፣ ብሳናና ግራር ቢሰለፉ ዳርቻው ቀድሞ ይመስል ወደነበረው ይጠጋል። ባሕር ዛፍና ዘንባባ ቶሎ ስለሚታዩ ይመረጣሉ፤ አኻያ ግን በችግኝ ጣቢያዎቻችን እንኳ ብዙም አይታይም።

እዚህ ላይ በዲዛይን ሥዕሎች የማይታይ አደጋ አለ። ፊላና ቄጠማ ውሃ ሲያጣሩ ከባድ ብረቶችን በሥራቸውና በግንዳቸው ያከማቻሉ። ከወንዝ ዳር የሚቆረጠው ሳር የላም መኖ ይሆናል፤ ቄጠማውም ለበዓል በየቤቱ ይጎዘጎዛል። ስለዚህ ለማጣሪያ የሚተከለው ረግረግ ማን እንደሚያጭደውና የታጨደው የት እንደሚወገድ ካልተወሰነ፣ ብክለቱን ከወንዙ አውጥተን ወደ በረት እንወስደዋለን። የአትክልት እርሻውም ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፍስሃ ኢታና በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በከተማዋ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ የተገኙትን ከባድ ብረቶች መርምሯል። ሆኖም ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማውን ገበሬ ለፓርኩ ሲባል ማንሣት መፍትሔ አይመስለኝም። ዳርቻውን ዓመቱን ሙሉ የሚያውቀው እሱ ነው፤ የችግኝ ማፍያውና የእንክብካቤው ሥራ ለእሱ ቢሰጥ ክፍያውም እውቀቱም እዚያው ይቀራል።

አባ ሳሙኤል የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግድቡ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሐይቁ ግን ደለልና እምቦጭ ይዞታል። እምቦጭን የሚመግበው ከከተማ የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተገነባው የቃሊቲ ጣቢያ ለሐይቁ ወፎችም ለፓርኩም ዋነኛው ተስፋ ነው። ወፎቹን ያነሣሁት የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአእዋፍ ወሳኝ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ የአቃቂና አባ ሳሙኤል ረግረጎች ስለሚገኙበት ነው፤ ብርዱን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የውሃ ወፎች ያርፉባቸዋል።

ብክለትን የሚከለክል ሕግ ከአዋጅ ቁጥር 300/1995 ጀምሮ አለን፤ አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻ ልማትና የብክለት መከላከያ ደንብ አውጥታለች። በእኔ ግምት ቀጣዩ ሥራ የፓርክ ግንባታ ውሎችን መቀየር ነው። ተቋራጩ ምርቃቱ እንዳለቀ ሙሉ ክፍያ ከሚወስድ፣ የተወሰነው ገንዘብ ሦስት ክረምት ይቆይና በሕይወት በቀሩት አገር በቀል ችግኞች ቁጥርና በወንዙ ወለል ላይ በሚቆጠሩት ነፍሳት ልክ ይለቀቅለት። ቆጠራው መረብ፣ ነጭ ሳህንና የሠለጠነ ዓይን ብቻ ስለሚጠይቅ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ።