የክረምት ኦሊምፒክ አስተናጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ ውኃ ያዘጋጃል

ለቋራ ወረዳ ገበሬ ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የሰሊጥ አረም ነው። “የክረምት ኦሊምፒክ” የሚለው ስያሜ ግን ሌላ ወቅትን ይጠራል፤ ጨዋታው በአብዛኛው የሚውለው በየካቲት ሲሆን፣ ያን ጊዜ የወረዳዋ መቀመጫ ገለጉ የምታመራው 40 ዲግሪ ሴልሺየስን ወደሚያልፈው ሐሩር ነው። ሚላንና ኮርቲና ዳምፔዞ የተባሉት የጣሊያን ከተሞች እ.ኤ.አ በ2019 ስቶክሆልምን በ47 ለ34 ድምፅ አሸንፈው የወሰዱት የ2026 ጨዋታም የተያዘው ከጥር 29 እስከ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም ነው።

አስተናጋጅ ከተማ መንገድና የአትሌቶች መንደር ይሠራል። የክረምቱን ጨዋታ የሚለየው በረዶውንም ማዘጋጀት ማስፈለጉ ነው። ውኃ በተራራ ላይ በተቆፈሩ ኩሬዎች ይጠራቀማል፤ በቧንቧ ተገፍቶ ማሽን ዘንድ ይደርሳል፤ ማሽኑ ከታመቀ አየር ጋር አድቅቆ ሲረጨው መሬት ሳይነካ ይረጋል። ለዚህ ቅዝቃዜው ብቻ ሳይሆን የአየሩ ድርቀትም ወሳኝ ነው። ምክንያቱ ለቆላ ሰው እንግዳ አይደለም፦ በእንስራ የተቀመጠ ውኃ የሚቀዘቅዘው ከእንስራው ገላ የሚወጣው እርጥበት እየተነነ ሙቀቱን ስለሚወስድ ነው። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ሙቀቱ ከዜሮ ጥቂት ቢያልፍም በረዶ ይሠራል፤ እርጥብ ከሆነ ግን ዜሮም አይበቃም።

አንድ ሄክታርን 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ለመሸፈን ከ1,000 ሜትር ኩብ ያላነሰ ውኃ ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ሄክታር የሰሊጥ ማሳ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከመጣል ጋር እኩል ነው። አብዛኛው ውኃ በረዶው ሲቀልጥ ወደ ወንዝ ይመለሳል፤ ችግሩ የሚቀዳው የተራራ ወንዞች በሚያንሱበት ወቅት መሆኑ ነው።

በኦሊምፒክ ሰው ሠራሽ በረዶን ቀድማ የተጠቀመችው የአሜሪካዋ ሌክ ፕላሲድ ናት፣ እ.ኤ.አ በ1980። በ2022ቱ የቤጂንግ ጨዋታ የተራራ ውድድሮቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ በዚሁ በረዶ ተካሂደዋል።

ሌክ ፕላሲድ ለኢትዮጵያም ባዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ በ1974 በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ስኪን የተማረው በዚያ አካባቢ ነው። በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር ጨዋታዎች በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ ተወዳድሯል፤ በሁለቱም ብቸኛው የኢትዮጵያ ተወካይ ነበር። አዲስ አበባ ሲሆን ልምምዱን ያደርግ የነበረው ጎማ በተገጠመለት ስኪ፣ በአስፋልት ላይ ነው። በቫንኩቨር ደግሞ ሳይፕረስ የተባለው ተራራ በረዶ አጥቶ፣ አዘጋጆቹ በጭነት መኪናና በሄሊኮፕተር በረዶ ሲያመላልሱ፣ ከሥሩም የገለባ እስር ሲደለድሉ ሰንብተዋል። ገለባ ለከብት መኖ ብቻ ለሚመስለው አርሶ አደር ይህ ሳያስገርም አይቀርም።

ከጨዋታው በኋላ የሚቀረው ነገር ከዝግጅቱ ይልቅ አከራካሪ ነው። ለቶሪኖው ጨዋታ በቼዛና ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበት የተሠራው የቦብስሌይ መንሸራተቻ ጥቂት ዓመታት አገልግሎ ተዘግቷል። በዚህ ምክንያት ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለ2026 በጎረቤት አገር ያለ መንሸራተቻ እንዲወሰድ መክሮ ነበር። የጣሊያን መንግሥት ምክሩን አልተቀበለም፤ በኮርቲና የዝግባ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ተቆርጠው፣ ዳግመኛ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚጠይቅ አዲስ መንሸራተቻ ተገንብቷል።