ቶና፣ ወጋጎዳ እና የአጎቴ ዘፈን

ጊፋታ ሲመጣ አጎቴ ሌላ ሰው ይሆናል፡፡ ዓመቱን ሙሉ ዝምተኛ የሆነው ሰውዬ "ሀያያ ሌኬ" ሲባል ከሰማ ከወንበሩ ይነሳል፤ ማን ይመልሰዋል! አምና ሙቿ ቀርቦ እየበላን ሳለ "ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ግጥም ማን አስተማረህ?" አልኩት፡፡

"ት/ቤትማ አላስተማረኝም" ብሎ ሳቀ፡፡ ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና "እኛ እኮ በመጽሐፍ ምክንያት ነው የታሰርነው" አለኝ፡፡

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ በጋዜጠኝነት ተመርቄያለሁ እያልኩ የገዛ ከተማዬን ትልቁን ዜና በወጉ እንደማላውቀው የገባኝ ያኔ ነው፡፡ እስቲ ከሥሩ እንጀምረው፡፡

የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ቶና ጋጋ ይባላሉ፡፡ በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ጦር ወላይታ ገባ፡፡ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን እልቂት ጽፎ ፓሪስ ላይ አሳትሞታል፡፡ ቶና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ፡፡ መንግሥቱ በዚያው አበቃ፡፡ ከዚያ በኋላ የቢሮው፣ የፍርድ ቤቱና የት/ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ሆነ፡፡ ወላይታቶ ግን ቤት ውስጥ ቀረ፤ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በደቦ ሥራ፣ በጊፋታ፡፡

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሑድ ይከበራል፡፡ ዘፈኑን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፡፡ ግጥሙን ሳትችል መቀበል አትችልምና ልጅ ሁሉ ቋንቋውን ከነቅኔው እዚያው ይማራል፡፡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር፡፡ በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ የመጡት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በጣሊያን ወረራ ጊዜ አገር ለቀው ሲወጡ ጥቂት አማኞች ነበሩ፡፡ ሲመለሱ በብዙ ሺህ ተቆጥረው ጠበቋቸው፡፡ እነዚያ አማኞች ሲታሰሩም ሲገረፉም የዘመሩት በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ዜማ ነው፡፡

ወላይታቶ በመንግሥት ደረጃ ፊደል ይዞ ብቅ ያለው በደርግ ዘመን ነው፡፡ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር፡፡ ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ ደግሞ በላቲን ፊደል ተጽፎ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፡፡

ታዲያ ይህ በሆነ ጥቂት ዓመታት ውስጥ "ወጋጎዳ" መጣ፡፡ ስሙ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከሚሉት ስሞች መነሻ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፡፡ የባለሥልጣናቱ ስሌት ቀላል ነበር፤ አራቱ ይቀራረባሉ፣ ስለዚህ ቀላቅለን አንድ መጽሐፍ ብናሳትም ወጪ ይቀንሳል፡፡ በእርግጥም ቋንቋዎቹ እህትማማች ናቸው፡፡ ግን እህትማማቾች ስለሆኑ አንድ ቀሚስ ለአራት ይለብሳሉ? ልጁ ቤቱ የማይነገር፣ ገበያ ላይ የማይሰማ፣ ማንም ዘፍኖበት የማያውቅ ቋንቋ እንዲማር ተፈረደበት፡፡

መምህራን ተቃወሙ፡፡ በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተማሪውና ሕዝቡ ሶዶ ጎዳና ላይ ወጣ፡፡ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ፡፡ አጎቴም ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፡፡ በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ፡፡ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ወጥቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፡፡

"እስር ቤት ምን ትሠሩ ነበር?" አልኩት አጎቴን፡፡

"ምን እንሠራለን፣ እንዘፍናለን!"

ይህ መልስ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፡፡ ቋንቋውን ያቆየው ዘፈን፣ ለቋንቋው የታሰሩትንም አቆያቸው ማለት ነው፡፡ ያ ትውልድ የጠየቀው ዘፈኑ ት/ቤት እንዲገባለት ነበር፤ ገብቶለታል፡፡ ዛሬ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ወላይታቶን በዲግሪ ያስተምራል፡፡ የወላይታ ምት ደግሞ አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ሳይቀር ሰውን ከመቀመጫው ያስነሳል፡፡

እኔስ? እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፡፡ ሶዶ ተወልጄ ያደግሁት እኔ በግል ት/ቤት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተማርኩ፡፡ ወላይታቶ እናገራለሁ፣ እጨፍርበታለሁም፤ አንድ ገጽ ጻፊ ብትሉኝ ግን ላብ ያጠምቀኛል፡፡ ይህን ጽሑፍ በምን ቋንቋ እያነበባችሁት እንደሆነ ልብ በሉልኝ፡፡ አማርኛን ጠልቼ አይደለም፤ እወደዋለሁ፣ እንጀራዬም ነው፡፡ ግን አጎቴ የታሰረበትን መብት ማንም ሳይከለክለኝ ራሴው ትቼዋለሁ፡፡ በምታችን መጨፈር ብቻውን በዓል ማክበር ነው፤ ቋንቋ ማቆየት ግን አይመስለኝም፡፡

ስለዚህ ለመጪው ጊፋታ ዕቅድ አለኝ፡፡ ደብተር ይዤ አጎቴ አጠገብ እቀመጣለሁ፡፡ እሱ ያወጣል፣ እኔ እየተቀበልኩ እጽፋለሁ፤ በወላይታቶ፡፡ ስሳሳት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጁ ታርመኛለች፤ እሷ በቋንቋዋ መጻፍ በት/ቤት ተምራለች፡፡

ዮዮ ጊፋታ!