የማይቆመው መምህር

ፕላዝማ አርባ ምንጭ የገባበትን ዓመት የማስታውሰው በአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። ጊዜው 1997 ዓ.ም. ነው። በከተማዋ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። «አስተምር ነበር» ያልኩት ለአነጋገሩ ያህል ነው እንጂ በዚያ ዓመት የሚያስተምረው ሌላ ነበር፤ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ከክፍሉ ፊት የቆመው ሰፊ ስክሪን። የእኔ ድርሻ የሳጥኑን ቁልፍ መያዝ ነው።

ልጁ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው። ከስክሪኑ ላይ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ወደ ደብተሩ ገልብጦ ቀና ሲል ጽሑፉ የለም፤ ሌላ ስዕል ተተክቷል። እጁን አወጣ። ለማን እንዳወጣ እሱም እኔም አላወቅንም። ጥቂት ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «መምህር፣ አንዴ እንዲቆም አይቻልም?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይኸው ከሃያ ዓመት በኋላም ያ ሳቄ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ትምህርትን በአየር ለማስተላለፍ በሀገራችን የተደረገውን ሙከራ ከሬዲዮው ጀምሮ ዞር ብዬ ባየሁ ቁጥር የምደርሰው እዚያው ልጅ ጥያቄ ላይ ነው። የመሣሪያው ጥራት፣ የሳተላይቱ ርቀት፣ የወጣው ገንዘብ ብዙ ተወርቶላቸዋል። የማስቆም ሥልጣኑ በማን እጅ ነው የሚለው ግን ሲነሳ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

እኔ ራሴ የሬዲዮ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ጨንቻ ነው፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጉም ከክፍል ውስጥ ገብቶ አብሮ በሚማርበት አገር። ጨንቻ ዋና ከተማነቷን ለቆላማዋ አርባ ምንጭ ያስረከበችው በ1950ዎቹ ነውና እኔ ፊደል ስቆጥር የቀድሞ ክብሯ በሽማግሌዎች ወሬ ብቻ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ሦስተኛ ክፍል ሳለን በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ይዘጋጅ የነበረው የትምህርት ሬዲዮ ከክፍላችን ይገባ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተጧጧፈበት ወቅት ነው። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. የጀመረው ያ ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደርሷል፤ ጋሞኛ ግን ከ15ቱ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ ቀን እኛ፣ ማታ እናቶቻችን፣ በአንድ ክፍል፣ ያው በሰው ቋንቋ እንማር ነበር።

የሬዲዮኑን ነገር ሳስብ ከድምፁ ይልቅ ፊቴ የምትደቀነው አስተማሪያችን እትዬ ናት። ስርጭቱ ከመጀመሩ አሥር ደቂቃ አስቀድማ የመምህሩን መምሪያ ከፍታ፣ ሊነገሩ ያሉትን አዳዲስ የእንግሊዝኛ ቃላት በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትደረድራቸዋለች። ቃላቱን ሦስት ሦስት ጊዜ ታስብለናለች። ከዚያ ሬዲዮኑን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ስርጭቱ ሲያልቅ ደግሞ በሩን ገርበብ ታደርግና የተባለውን ሁሉ በጋሞኛ ትደግምልናለች። ይህ በመምሪያው ውስጥ አልነበረም፤ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ነው። በሩን የምትዘጋውም ለዚሁ ነበር። ሬዲዮንም ማስቆም አይቻልም፤ በዚህ ከፕላዝማ አይሻልም። ግን ከፊቱም ከኋላውም ሰው ነበረው። ሬዲዮኑ የሚናገረው ለአጭር ጊዜ ነው፤ የቀረው ጊዜ የእትዬ ነው።

ሌላው ዓለምም ይህንኑ ነገር በየፊናው ሞክሮታል። አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1951 በአሊስ ስፕሪንግስ የአየር ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ በበረሃው መሐል ተበታትነው ለሚኖሩ የከብት አርቢ ልጆች የሰጧቸው መናገሪያም ያለው ሬዲዮ ነው። ልጁ ካልገባው ቁልፍ ተጭኖ ይጠይቃል። በአንጻሩ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው የአሜሪካ ሳሞአ በገዢዋ በሬክስ ሊ ግፊት እ.ኤ.አ. በ1964 መላውን ትምህርቷን በቴሌቪዥን ላይ መሠረተች። ዋናው ትምህርት ከስቱዲዮ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ የክፍሉ መምህር ተከታይ ነው። በትንንሾቹ ክፍሎች ነገሩ ተወደደ። ከፍ ያሉት ተማሪዎችና መምህሮቻቸው ግን እያደር አኮረፉ፤ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ቴሌቪዥኑ ከዋና አስተማሪነት ወደ አጋዥነት ወረደ። የሚገርመው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት። እኛ ሳሞአን ሳናውቃት ከአርባ ዓመት በኋላ መንገዷን ደገምነው።

ፕላዝማው እንዲህ ነበር። ሂሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ እንግሊዝኛው፣ ሥነ ዜጋው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት በመላው አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሠራጫል። አዲስ አበባ ያለ ተማሪና ቦንኬ ያለ ተማሪ በአንዲት ደቂቃ አንዲት ገጽ ያያሉ። ሐሳቡን አልንቀውም። መምህር ባልነበረበት ቦታ መምህር አደርሳለሁ፣ የገጠሩን ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል አደርጋለሁ ብሎ የተነሳ ነው፤ ይህን የሚጠላ ማን አለ? ነገር ግን ስርጭቱ ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ይወስዳል፤ ለመምህሩ የሚቀረው በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ነው። በኋላ የሚባለውንም የሚቀጥለው ትምህርት ይጋፋዋል። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም።

ቋንቋውም አለ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የእኛ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩና በደቡብ ክልል ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይቀጥሉ ነበር። አማርኛም በመሐል አለ። የቋንቋ ነገር በአካባቢያችን እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል መጽሐፍ ማሳተም በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ውስጥ የሰው ሕይወት ያለፈበትን ቁጣ አስነሥቷል። ፕላዝማው ይህን ሁሉ አያውቅም። በደቡብ አፍሪካ ቅላጼ፣ በሩጫ፣ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ያ የዶርዜ ልጅ እየሰማ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ ሲያሻግር ስክሪኑ ሁለት ገጽ ቀድሞታል።

ያም ሆኖ ፕላዝማው ያደረገልኝን ልናገር። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረው፤ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበር። ሶዲየም ውሃ ላይ ሲጣል የሚሆነውን ለስድስት ዓመት በጠመኔ ብቻ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ እንደ ተረት ይሰሙኝ ነበር። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ መጣ። ብናኝ የምታህለው ብረት ውሃው ላይ እየተሽከረከረች ስትጮኽ፣ ብልጭ ስትል፣ ስድሳ ልጅ በአንድ ትንፋሽ «እ!» አለ። በዚያች ሰዓት ያደረግሁትን እስከ ዛሬ በኩራት ነው የማወራው። ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን አጠፋሁት። ስዕሉ ይሄዳል፣ እኔ እናገራለሁ። «ለምን ጮኸች? ምን ወጣ? የቀረውስ ውሃ ምን ሆነ?» እያልኩ በሦስቱም ቋንቋ ስጠይቅ ያ ልጅ ሁለቴ መለሰ።

ወሬው ከአለቆቼ ጆሮ ሳይደርስ አልቀረም። ተጠራሁ። ስርጭቱን «በማስተጓጎል» ተነቀፍኩ፤ ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁን አላጠፋሁም። ልጆች ነበሩኝ፣ ደመወዝ ያስፈልገኝ ነበር። ቁልፌን ይዤ ከጥግ ቆምኩ። ያ ልጅ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናውን አላለፈም። እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄዶ ከአጎቱ ጋር ሸማ መሥራት ጀመረ። ሽመና ክቡር ሙያ ነው፣ አላዝንለትም። ያሳዘነኝ እሱ ኬሚስትሪ ወድዶ የነበረ መሆኑ ነው።

እያደር መሣሪያዎቹ ተበላሹ፣ መለዋወጫ ጠፋ፤ በብዙ ትምህርት ቤት ስክሪኑ አቧራ ለበሰ። እኔም ትምህርቴን ገፍቼ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተዛወርኩ።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ጥያቄው በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ይማሩ ተባለ። የእኔዎቹ አብዛኞቹ በጋሞ ዞን ወረዳዎች የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ፤ ከጨንቻ፣ ከካምባ፣ ከገረሴ፣ ከብርብር። መጀመሪያ ያደረግሁት ፕላዝማው ያደረገውን ነው። የአንድ ሰዓት ገለጻ በቪዲዮ ቀርጬ ላክሁ። ከሃያ ሁለቱ የከፈቱት ሦስት ናቸው። አንዱ ፋይሉን ለማውረድ የሳምንት ካርዱን እንደጨረሰ በትሕትና ጻፈልኝ።

እዚህ ላይ እትዬ ትዝ አለችኝ። ቃላቱን አስቀድማ፣ ሬዲዮኑን አሳጥራ፣ ኋላ ደግማ። የአንድ ሰዓቱን ቪዲዮ ጣልሁና ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክት በቴሌግራም መላክ ጀመርኩ። ከመልእክቱ በፊት የአስቸጋሪዎቹን ቃላት ዝርዝር፣ ከመልእክቱ በኋላ አንዲት ጥያቄ። የሌሊቱ ጥቅል ርካሽ ስለሆነ የምልከው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው። መልሳቸው የሚመጣው ሲነጋ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ከፍ ካለ ቦታ ወጥተው የላኩት ነፋስ ይሰማበታል። ዶሮ የጮኸበትም ነበር።

ሰኔ 23 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ገደማ ዝም አለ። የመጨረሻው ምዕራፍ ገና ነበርና አሥር ገጽ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ፣ ሲቀላ መናኸሪያ ወርጄ ለየአውቶቡሱ ረዳት ሰጠሁ። የገረሴውን ገጽ የወሰደው ረዳት የሚሰጠውን ሰው ስም በመዳፉ ላይ ጻፈ። ሁሉም ደረሰ፤ አንዱ ብቻ ዝናብ አግኝቶት ነበር።

ኔትወርኩ ሲመለስ በፕላዝማ ዘመን የተማረ አንድ የካምባ መምህር የድምፅ መልእክት ላከልኝ። አንዱን ትምህርት አሥራ አንድ ጊዜ እንዳዳመጠው ነገረኝ። «አልገባኝም ማለቴ አይደለም» አለ፣ «እንደሚቆም ለማረጋገጥ ነው።»